መልስ፦ የማገዶ ጭስ ሕፃን ይጎዳል ወይ?

እህቴ፣ ከመኝታ ክፍሉ ጋር በተያያዘ ማድ ቤት በማገዶ መጋገር ሕፃኑን ይጎዳው እንደሆነ ጠይቀሻል። አዎ፣ ይጎዳዋል። ዓይን የሚያስለቅሰው ጭስ ይታያል፤ የማይታየው ከ2.5 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) ያነሰ ብናኝ ግን ሳንባ ድረስ ዘልቆ ሕፃናትን ለሳንባ ምች ያጋልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል።

“ምርጥ” የተባለው የተሻሻለ የእንጀራ ምድጃ ማገዶ ይቆጥባል፤ ጭስ ማውጫ ከሌለው ግን የሚቀረው ጭስ እዚያው ቤት ውስጥ ይታፈናል። ጣሪያሽ ጥቀርሻ ካንጠለጠለ ሌላ ምስክር አያስፈልግም። እንጨቱ በደንብ ይድረቅ፣ በርና መስኮት ይከፈት፤ ከሁሉም በላይ ልጁን አዝለሽ አትጋግሪ፣ ሌላ ሰው ይያዝልሽ።

ከሰልማ ጭስ የለውም ብለሽ የፋመውን ምድጃ መኝታ ክፍል እንዳታስገቢ። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድለዋል።