የቤት ማኅበራችን አረንጓዴ ሰፈር መሥራት ይችላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ፣ እኛ ደብረ ብርሃን 24 ሆነን በቤት ማኅበር ተደራጅተን መሬት ተረክበናል፣ አሁን ፕላን ልናሠራ ነው። ግማሹ አረንጓዴ ሰፈር ይሁን ይላል፣ ግማሹ ደሞ እሱ የፈረንጅ ቅንጦት ነው፣ ሶላር ምናምን ከየት አምጥተን፣ ግቢያችንን ሊሾ አድርገን አጥራችንን እንጠር ይላል። ምን ትሉናላችሁ?
የማኅበሩ ጸሐፊ

መልስ፦ ሶላሩን ለጊዜው ተዉት። ከሱ በፊት ብር የማያስወጣ ነገር አለ፣ መንገዱ በየት በኩል ይሂድ የሚለው። ከተማችሁ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ታኅሣሥ ላይ ደጅ ያደረ ባልዲ በረዶ ጋግሮ እንደሚገኝ ለናንተ አልነግርም፣ እና በዛ ጠዋት ሽማግሌው ጋቢውን ተከናንቦ የት ጋ ነው የሚቆመው? ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ሥር አይደል? ቤትም እንደዛው ነው። በብርዱ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፣ መንገዱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ከተዘረጋ የቤቶቹን ረጅም ጎን ወደ ደቡብ ማዞር ይቀላል፣ መስኮቱም በዛው በኩል ከሆነ ቀን የገባውን ሙቀት የድንጋዩ ግድግዳ ይዞ ማታ ይለቀዋል። ጣጣው ጎረቤት ነው። በደቡብ በኩል ያለው ሰውዬ 6 ሜትር ከፍታ ያለው ቤት ቢያቆም ታኅሣሥ ላይ በቀትር እንኳ 4 ሜትር ገደማ ጥላ ይጥልባችኋል፣ ጠዋትና ማታማ ይብሳል፣ ስለዚህ ማን ከድንበሩ ስንት ሜትር ይራቅ የሚለውን አሁን ፍቅር ሳላችሁ በደንባችሁ ጻፉት።

ሊሾውን ግን እቃወማለሁ። ክረምት ላይ የ24 ግቢ ጎርፍ የሚገናኘው ታች ያለው ምስኪን በር ላይ ነው። ኮብልስቶን መሃሉን ሲሚንቶ ሳትሞሉ አንጥፉ፣ ውሃው ይሰርጋል፣ የጣራውን ደሞ በሮቶ ያዙት። ዛፍ ከሆነ ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፤ ባህር ዛፉስ ይበቃችኋል።

ቅንጦት ለሚሉት፣ ጀርመን ፍራይቡርግ ውስጥ ቫውባን የሚባል ሰፈር አለ፣ የጦር ካምፕ የነበረ ቦታ ነው፣ ብዙ ቤት እንደናንተ በቡድን የተደራጁ ሰዎች ናቸው ያሠሩት፣ መኪና በብዛት ሰፈሩ ዳር ነው የሚቆመው፣ መሃሉን ልጆች ይጫወቱበታል። ፈረንጅ አንፈልግም ካሉም መንዝ ቅርብ ነው፣ እዛ ጓሳ የሚባለውን የጋራ ሣር ለዘመናት ያቆየው የነዋሪው የራሱ ደንብ ነው፣ ቀኑ ሳይደርስ ማንም አያጭድም ነበር።

ቀያሹ ከመምጣቱ በፊት አንድ ጠዋት መሬቱ ላይ ሄዳችሁ ረዘም ያለ እንጨት ትከሉና ጥላው የት የት እንደሚደርስ በየሰዓቱ ጠጠር እያስቀመጣችሁ እዩት፣ የሚከራከሩትንም ይዛችኋቸው ሂዱ።