ሙሉ ኢንሹራንስ ገብቼ ለምን ግማሹን እንኳ አልከፈሉኝም? የባሕር ዳር ባለመኪኖች ጥያቄና መልስ

አዘጋጁ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን በመኪና ኢንሹራንስ ያልተማረረ የለም። ስለዚህ ዛሬ ከመካከላችን አንዷን ለምነን አምጥተናል። «ገምጋሚዋ» በሚለው ስማቸው ነው የምታውቋቸው። እዚሁ ባሕር ዳር በአንድ ኢንሹራንስ የካሳ ክፍል 14 ዓመት ሠርተዋል፤ አሁን በግላቸው ናቸው። የኩባንያ ስም ሳትጠሩ ጠይቁ።

ገምጋሚዋ፦ እንደምን አመሻችሁ። ከመጀመራችን በፊት ፖሊሲያችሁን፣ ማለትም የኢንሹራንስ ውላችሁን፣ ከመሳቢያ አውጡና አጠገባችሁ አስቀምጡ። እሱን ሳታዩ ከጠየቃችሁኝ እኔም በግምት ነው የምመልሰው።

የሐሙሲት መንገድ፦ እትዬ ጤና ይስጥልኝ። መስከረም ላይ ከወረታ ስመጣ ሐሙሲት ሳልደርስ ላም ገባችብኝ። ኮፋኖ፣ ራዲያተር፣ ሁለቱ የፊት መብራቶች፣ ግራ ፓራፋንጎ፣ ሁሉም ሄደ። ጋራዡ 250 ሺህ ብር አለ። ኢንሹራንሱም ዋጋውን ተቀብሏል። ከዚያ ግን 90 ሺህ ብር ነው የምንከፍልህ አሉኝ። ሙሉ ኢንሹራንስ ነው የገባሁት! ይሄ ዝርፊያ አይደለም?

ገምጋሚዋ፦ ፖሊሲው ላይ የመኪናህ ዋጋ ተብሎ የተጻፈው ስንት ነው? እነሱስ ዛሬ ገበያ ላይ ስንት ያወጣል አሉ?

የሐሙሲት መንገድ፦ ፖሊሲው ላይ 800 ሺህ። 2013 ላይ የገዛሁበት ዋጋ ነው። እነሱ አሁን 2 ሚሊዮን ያወጣል ብለው ጽፈዋል።

ገምጋሚዋ፦ እንግዲያው ዝርፊያ አይደለም። ማንም ያልነገረህ ነገር ነው። እኔን የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። ሌሎቻችሁም ተከታተሉ፤ እዚህ ከተማ የምሰማው እሮሮ አብዛኛው ከዚህ ነው የሚነሳው።

አረቦን፣ ማለትም የኢንሹራንሱን ክፍያ፣ የምትከፍለው ባስጻፍከው ዋጋ ልክ ነው። አንተ 800 ሺህ አስጽፈሃል፤ መኪናው 2 ሚሊዮን ነው። ይሄ 40 በመቶ ነው። የቀረውን 60 በመቶ ሳታውቀው ራስህ ተሸክመኸዋል። ጉዳት ሲደርስም በዚያው ልክ ትካፈላላችሁ። የ250 ሺህ 40 በመቶ 100 ሺህ ነው። ከዚያ ላይ ኤክሰስ፣ ማለትም በውሉ መሠረት አንተ የምትችለው ድርሻ ይነሳል። ያንተ 10 ሺህ መሆን አለበት። ቀሪው 90 ሺህ። ሂሳቡ ልክ ነው።

ይህን ኩባንያው አልፈጠረውም፤ የ1952ቱ የንግድ ሕግ ውስጥ ያለ ነው። በ2013 አዲስ የንግድ ሕግ ወጥቷል እንዳትሉኝ። የኢንሹራንሱ ክፍል አልተተካም፤ የሚሠራው አሮጌው ነው።

ድሮም ነበር፤ ግን እንዲህ አይጎዳም ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ የመኪናውም የመለዋወጫውም ዋጋ ተሰቀለ። ፖሊሲው ላይ ያለው ቁጥር ግን እዚያው ቀረ። ሰው በየዓመቱ ይመጣና «እንደ አምናው አድሱልኝ» ይላል። እንደ አምናው ይታደስለታል። ከፍሎ ይወጣል። «መኪናህ ዛሬ ስንት ያወጣል?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። ካሳ ሲመጣ ግን የገበያ ዋጋ ይጠየቃል። ይሄ ሕጋዊ ሊሆን ይችላል፤ ልክ ግን አይደለም። ቢሮ እያለሁም ተናግሬዋለሁ፤ ዛሬም እናገረዋለሁ።

አንድ ጡረተኛ መምህር ነበሩ። መስኮቱ ጋ ቆመው ይህንኑ ሂሳብ በፕሮፎርማቸው ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ሠራሁላቸው። ቁጥሩን በጣታቸው እየተከተሉ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ወረቀቱን አራት አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱና «ልጄ፣ ይህን ስከፍል ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

አሁን አንተ የምትከራከርበት አንድ ቦታ አለህ። 2 ሚሊዮን የሚለውን ቁጥር ማን ገመተው? በምን? ያንተው ሞዴል፣ ያንተው ዓመተ ምህረት፣ በተመሳሳይ ይዞታ ያለ መኪና ስንት እንደተሸጠ ማስረጃ ሰብስብ። 1 ሚሊዮን ከ600 ሺህ መሆኑን ካሳየህ ድርሻህ 50 በመቶ ይሆናል። 125 ሺህ፣ ኤክሰስ ሲነሳ 115 ሺህ። የ25 ሺህ ብር ልዩነት ነው። በቃል ሳይሆን በደብዳቤ ጠይቅ። እስከዚያ ምንም ነገር እንዳትፈርም።

ዘንባባ፦ ላሟስ? የላሟን ማን ከፈለ?

የሐሙሲት መንገድ፦ እኔ ነኛ! ባለቤቱ መንገድ ዘግቶ ቆመ። ሰው ተሰበሰበ። 30 ሺህ ብር ሰጥቼ ተገላገልኩ።

ዘንባባ፦ ለምን ትከፍላለህ? ላሟ ናት አስፋልት የገባችው። ገበሬው ነው ላንተ መክፈል የነበረበት።

የፎገራ ልጅ፦ ቀስ በል ወንድሜ። መንገዱ ነው የገበሬውን ግጦሽ አቋርጦ ያለፈው። በዚያ ሰዓት ከብት ከውኃ እንደሚመለስ እያወቃችሁ በ100 ትበራላችሁ። ላም እኮ ለአንድ ቤት ሀብቱ ናት።

ዘንባባ፦ እሱ በ100 ነዳሁ አላለም።

የፎገራ ልጅ፦ ራዲያተሩ ድረስ የገባ ምን ያህል እየነዳ ነበር?

ገምጋሚዋ፦ ተዉ፣ ተዉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የመኪናንም የእንስሳንም ባለቤት ተጠያቂ ያደርጋል። ማን ለማን ይከፍላል የሚለው እንደ ሁኔታው ይታያል። ለእኛ ዋናው ሌላ ነው። ላም ንብረት ናት። የሌላ ሰው ንብረት ላይ የሚደርስ ጉዳት የሦስተኛ ወገን ጉዳይ ነው። ኢንሹራንሱን ሳታማክር መንገድ ላይ ጥፋተኛ ነኝ ብለህ ከከፈልክ ያንን ብር መልሱልኝ ማለት ይከብድሃል። መንገድ ላይ አትስማሙ። ትራፊክ ጥሩ፣ ፎቶ አንሱ፣ ለኢንሹራንሱ በዚያው ቀን ደውሉ። የሰው ሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሰውን አድኑ።

አባይ ማዶ፦ እትዬ የትኛው ኢንሹራንስ ይሻላል?

ገምጋሚዋ፦ ስም አልጠራም።

ባለ ሦስት እግር፦ እኔ ባጃጅ ነኝ። በየዓመቱ ሦስተኛ ወገን እከፍላለሁ። አምና ጊዮርጊስ አደባባይ አጠገብ አንዱ ገጭቶኝ ባጃጄ ስትገለበጥ አምስት ሳንቲም አላገኘሁም። ታዲያ ምን ያደርግልኛል?

ገምጋሚዋ፦ ሦስተኛ ወገን ያንተን ባጃጅ አይጠግንም። አንተ በሌላ ሰው ላይ ለምታደርሰው ጉዳት ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነውም ለዚህ ነው። አንተን ሌላ ሰው ገጭቶህ ጥፋቱ የሱ ከሆነ የምትጠይቀው የሱን ኢንሹራንስ ነው። ለዚያ ደግሞ የትራፊክ ሪፖርትና የመኪናው ሰሌዳ ቁጥር ያስፈልግሃል። ይዘሃል?

ባለ ሦስት እግር፦ ሰሌዳውን አላየሁም። አመለጠ።

ገምጋሚዋ፦ አንተ ተጎድተሃል ወይስ ባጃጁ ብቻ?

ባለ ሦስት እግር፦ ባጃጁ ብቻ፤ የእግዜር ቸርነት።

ገምጋሚዋ፦ ተመስገን። ሰው ጎድቶ ላመለጠ መኪና የመድን ፈንድ የሚባል አለ። ይህን ሁላችሁም ያዙት። ገጭቶ ያመለጠ ወይም ኢንሹራንስ የሌለው መኪና ሰው ቢገድል ወይም አካል ቢያጎድል ተጎጂው ወይም ቤተሰቡ ከፈንዱ ካሳ ይጠይቃል። ሆስፒታልም የድንገተኛ ሕክምና መከልከል አይችልም። ይህን የማያውቅ ስንት ቤተሰብ ቤቱን ሸጦ አሳክሟል። ለባጃጅህ ግን አዝናለሁ፤ ከፈንዱ አታገኝም።

ኮሮላ ባዩ፦ ባጃጆች መጀመሪያ መንገድ ይማሩ። ፓፒረስ ጋ ሳያበሩ ነው የሚታጠፉት።

ባለ ሦስት እግር፦ እናንተስ ስትቆሙ ፍሬቻ ታበራላችሁ?

አዘጋጁ፦ ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ሰላም ነኝ፦ ኢንሹራንሱ አልከፍልም አለኝ። ምን ላድርግ?

ገምጋሚዋ፦ ምን ደርሶ? መቼ? በምን ምክንያት አልከፍልም አለ? በቃል ነው በደብዳቤ? እንዲህ ያለ ጥያቄ ልመልስ አልችልም እህቴ። አልከፍልም ካሉሽ ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡኝ በይ፤ ከዚያ ነይ።

የጣና ሞገድ፦ የሞተር ጀልባ አለኝ፤ ዘጌና ክብራን ገዳም ሰው አመላልስበታለሁ። ኢንሹራንሱ...

ገምጋሚዋ፦ ጀልባ ገምግሜ አላውቅም። የሚያውቅ ጠይቅ።

ውክልና፦ እኔ መኪናዬን በውክልና ነው የገዛሁት። ሊብሬው እስካሁን በሻጩ ስም ነው። ኢንሹራንሱም በሱ ስም የነበረው ነው፤ እኔ አድሼዋለሁ። ችግር አለው?

ገምጋሚዋ፦ አለው። ትልቅ ችግር አለው። ከእንዲህ ዓይነቱ ጉዳይ የከፋ ፋይል ጠረጴዛዬ ላይ አልመጣም። ውሉ ያለው በኢንሹራንሱና በሻጩ መካከል ነው። ካሳ ቢፈቀድ ቼኩ የሚጻፈው በሱ ስም ነው። ሰውዬው አገር ለቆ ሊሆን ይችላል። ሞቶ ወራሾቹ ሊከራከሩ ይችላሉ። ኩባንያው ደግሞ መኪናው መሸጡን ለምን አልነገራችሁኝም ብሎ ካሳውን ሊከለክል ይችላል። አንተ ሁለት ዓመት አረቦን ከፍለህ ባዶ እጅህን ትቀራለህ።

ስም አዛውር። ወጪው ይከብዳል፣ አውቃለሁ፤ እስክታዛውር ግን ቅርንጫፉ ሄደህ መግዛትህን በደብዳቤ አሳውቅና ሽፋኑ በስምህ እንዲሆን ጠይቅ። ደብዳቤውን ሁለት ቅጂ አድርገው። አንዱ ላይ መዝገብ ቤት ገቢ የሆነበትን ማህተም አስመታና ቤትህ አስቀምጥ። ይህን ለሁላችሁም ነው የምለው፤ ማህተም የሌለው ደብዳቤ እንዳልተጻፈ ቁጠሩት።

ቤዛዊት፦ የኔ የቤት መኪና ነው፣ ኮድ 2። ቅዳሜና እሁድ ወደ ጢስ አባይ ሰው እጭንበታለሁ፣ ለነዳጅ ያህል። ኢንሹራንስ ይሸፍነኛል?

ገምጋሚዋ፦ ፖሊሲሽ «ለግል አገልግሎት» ይላል? ይላል። በክፍያ ሰው ስትጭኚ ከውሉ ወጥተሻል። አይሸፍንሽም። በተለይ ተሳፋሪ ከተጎዳ።

ዘንባባ፦ ለዚህ ነው እኮ የምንለው! ሲቀበሉ ፈገግታ፣ ሲከፍሉ ሰበብ። እኛ ሚኒባስ ያለን 12 ሰዎች በየወሩ እንደ እድር እናዋጣለን። መኪና የተጎዳበት ከሣጥኑ ይወስዳል። አንድም ቀን ተጣልተን አናውቅም።

የፎገራ ልጅ፦ ሚኒባስ ሙሉ ለሙሉ ተቃጥሎባችሁ ያውቃል?

ዘንባባ፦ አያውቅም።

የፎገራ ልጅ፦ እንግዲያው ሣጥኑ ገና አልተፈተነም።

ገምጋሚዋ፦ ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። ፓራውልት ለተሰበረበት፣ ስፖኪዮ ለተነቀለበት የእናንተ ሣጥን ከማንም ኢንሹራንስ ይፈጥናል። እኔም እደግፈዋለሁ። መኪናው እንዳለ ከጠፋ ግን 12 ሰው አይችለውም። ሁለቱንም ያዙ። ሦስተኛ ወገንን ደግሞ በእድር መተካት አይቻልም፤ ሕግ ነው።

የጎንደር በር፦ መኪናዬ ቆማ በተኩስ መሀል መስታወትና በር ተመታ። ሙሉ ኢንሹራንስ አለኝ።

ገምጋሚዋ፦ እንኳን አንተ ተረፍክ። በመደበኛው ውል ጦርነትና ሁከት ከሽፋን ውጭ ነው። ለፖለቲካ ሁከትና ሽብር ተጨማሪ ከፍሎ የሚገዛ ሽፋን አለ። ፖሊሲህ ላይ ተያይዞ ከሆነ ጠይቅ፤ ካልሆነ አታገኝም። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

አዲስ ገቢ፦ ይቅርታ ዘግይቼ ገባሁ። ለቪትዝ የትኛው ኢንሹራንስ ጥሩ ነው?

ገምጋሚዋ፦ ከላይ ተጠይቋል፤ መልሻለሁ። ስም አልጠራም። የቅርንጫፉ ካሳ ክፍል ሂድና ሰልፍ ላይ ያሉትን ሰዎች ጠይቅ፤ ከእኔ የተሻለ ይነግሩሃል። ስትዋዋል ደግሞ የመኪናህን የዛሬ ዋጋ አስጻፍ። የዛሬ! የገዛህበትን አይደለም።

ኮሮላ ባዩ፦ የኔ ደግሞ 98 ሞዴል ነው። መለዋወጫ ሲገዙልኝ «ለእርጅና» ብለው ቀነሱ። ይሄስ?

ገምጋሚዋ፦ አሮጌ ዕቃ ወልቆ አዲስ ሲገባልህ ልዩነቱን አንተ ትሸፍናለህ የሚል አንቀጽ ብዙ ውል ላይ አለ። ስንት በመቶ እንደሚቀነስ ያንተ ውል ላይ እይ። በእጅ ዋጋ ላይ፣ በላሜራና በቀለም ሥራ ላይ ከቀነሱብህ ግን ጠይቅ፤ ሥራ አያረጅም።

አባይ ማዶ፦ ቅርንጫፉ እምቢ ካለ ወዴት ይኬዳል?

ገምጋሚዋ፦ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ። እዚያም ካልሆነ ተቆጣጣሪያቸው ብሔራዊ ባንክ ነው፤ ለሱ አቤት በል። ውልህ ላይ የግልግል አንቀጽ ካለ እሱንም እይ። ፍርድ ቤትም አለ። ቀን ግን ቁጠር፤ በንግድ ሕጉ አንቀጽ 674 የኢንሹራንስ ክስ በ2 ዓመት ይታገዳል። «ነገ ና» እያሉህ 2 ዓመት ያልፋል፤ በዓይኔ ያየሁት ነው።

የሐሙሲት መንገድ፦ እትዬ፣ አንድ ወረቀት ሰጥተውኛል። «ካሳዬን ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ፣ ወደፊት ጥያቄ የለኝም» ይላል። ቼኩን ለመውሰድ እሱን ፈርም ነው የሚሉት። ነገ ጠዋት ቀጥረውኛል።

ገምጋሚዋ፦ አትፈርም! እሱን ከፈረምክ ስለ 2 ሚሊዮኑ የመከራከር ዕድልህ እዚያው ያበቃል። ነገ ሂድ፤ ግን ደብዳቤ ይዘህ ሂድ። የገበያ ግምቱን እንደማትቀበል፣ ማስረጃ እንደምታቀርብ፣ የማትከራከሩበትን 90 ሺህ ጥያቄህ እንደተጠበቀ እንዲከፍሉህ ጻፍ። እምቢ ሊሉ ይችላሉ። እምቢታቸውንም በጽሑፍ ጠይቅ።

የሐሙሲት መንገድ፦ እሺ እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ማታ እጽፋለሁ።

ገምጋሚዋ፦ ከመጻፍህ በፊት ለጋራዡ ደውል። ያወለቃቸውን መብራቶችና ራዲያተሩን እንዳይጥል፣ ለማንም እንዳይሰጥ ንገረው። ኢንሹራንሱ እንደገና ልይ ካለ ዕቃው መኖር አለበት።