ከወለል ወደ ወለል ሲኬድ የማይቋረጥ ዋይፋይ

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ውስጥ ሦስት ወለል ያለው የእንግዳ ማረፊያ አስተዳድራለሁ። በየወለሉ አንድ ራውተር አስገጥሜ ለእያንዳንዱ የተለያየ ስም ሰጥቼዋለሁ። ይሁን እንጂ እንግዶች በቪዲዮ እያወሩ ደረጃ ሲወጡ ጥሪው ይቋረጣል፤ የማሠራጫ ኃይሉን እስከ መጨረሻው ከፍ ባደርገውም ለውጥ የለም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ችግርዎ የኃይል ማነስ አይደለም። ስሞቹ እስከተለያዩ ድረስ ሦስቱ ራውተሮች ለስልኩ ሦስት የማይገናኙ ኔትወርኮች ስለሆኑ፣ የያዘውን ጨርሶ እስኪያጣ ድረስ ወደ ሌላው አይሻገርም። ስለዚህ በመጀመሪያ ስሙን፣ የይለፍ ቃሉንና የደኅንነት ዓይነቱን በሦስቱም ላይ አንድ ያድርጉ።

ይህ ብቻውን ግን አይበቃም፤ አጥብቄ የማሳስብዎ፣ ብዙ ጊዜም ሲዘለል የማየው የሚቀጥለው ሥራ ነው። እያንዳንዱ ራውተር የራሱን አይፒ አድራሻ የሚያድል ከሆነ፣ እንግዳው ወለል በቀየረ ቁጥር የስልኩ አድራሻ ስለሚቀየር፣ ስሙ አንድ ቢሆንም ጥሪው መቋረጡ አይቀርም። አድራሻ ማደል ያለበት ከኢንተርኔት መስመሩ ጋር የተገናኘው ዋናው ራውተር ብቻ ነው። የቀሩትን ሁለቱን ወደ አክሰስ ፖይንት (አድራሻ ሳያድል ዋይፋይ ብቻ ወደሚያሠራጭ መሣሪያ) ይቀይሯቸው፤ ይህ ምርጫ ከሌላቸው አድራሻ የሚያድለውን ዲኤችሲፒ (DHCP) የተባለ አገልግሎት ያጥፉ፣ የዋናው አድራሻ 192.168.1.1 ከሆነ እነርሱን 192.168.1.2 እና 192.168.1.3 ይበሏቸው፣ ከዋናው የሚመጣውንም ገመድ ዋን (WAN) በተባለው ሳይሆን ላን (LAN) በተባለው ቀዳዳ ይሰኩ። የገመዱን ወጪ ለማዳን ሪፒተር (ሲግናሉን ያለ ገመድ ተቀብሎ መልሶ የሚያሠራጭ መሣሪያ) እንዲገዙ የሚመክርዎት ቢኖር አይቀበሉ፤ በአንድ ሬዲዮ የሚሠራ ሪፒተር ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ይቀንሰዋል።

ወደ ኃይሉ ስንመለስ፣ መቼ እንደሚዛወር የሚወስነው ራውተሩ ሳይሆን ስልኩ ራሱ ነው። ለምሳሌ አይፎን ሌላ ማሠራጫ መፈለግ የሚጀምረው የያዘው ሲግናል ከ-70 ዲቢኤም (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ) በታች ሲወርድ ነው። የምድር ቤቱ ራውተር በሙሉ ኃይሉ ሲያሠራጭ፣ ስልኩ ላይኛው ወለል ደርሶም የሚለቅበት ምክንያት አያገኝም፤ የራሱ የማሠራጫ ኃይል ግን ከራውተሩ ያነሰ ስለሆነ የእንግዳው ድምፅ እየተቆራረጠ ይደርሳል። በመሆኑም ኃይሉን ወደ መካከለኛ ዝቅ ያድርጉት። በ2.4 ጊጋ ኸርዝ የዋይፋይ ሞገድ ላይ ደግሞ የቻናሉን ስፋት 20 ሜጋ ኸርዝ አድርገው፣ እርስ በርስ የማይደራረቡትን ቻናል 1፣ 6 እና 11 ለየወለሉ ያከፋፍሉ።

ወደፊት አዲስ ዕቃ ከገዙ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የጸደቀውን 802.11አር (802.11r) የተባለ የዋይፋይ ስታንዳርድ የሚደግፍ ቢሆን ዝውውሩን ያፋጥነዋል፤ አንዳንድ የቆዩ መሣሪያዎች እርሱ ሲበራ መገናኘት ስለሚያቅታቸው ግን አስቀድመው ይሞክሩት።

ሥራው ሲጠናቀቅ የቪዲዮ ጥሪ ከፍተው ከእንግዳ መቀበያው እስከ ላይኛው ኮሪደር በዝግታ ይራመዱ። ደረጃው ላይ ከተቆራረጠ የታችኛውን ኃይል ትንሽ ይቀንሱ፤ ሁለቱም የማይደርሱበት ቦታ ካገኙ ደግሞ የላይኛውን ወደ ደረጃው ያስጠጉት።