የድሮ ሞተር ሳይክል ካሊፐር ማደስ፦ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የአንድ የቆየ ያማሃ ኤክስቲ 600 የፊት ካሊፐር እያደስኩ ነው። ካሊፐር ማለት በዘይት ግፊት ፒስተኑን ገፍቶ ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚያጣብቀው የፍሬን ክፍል ነው። ወሬው የደረሳቸው ሞተረኞች ጥያቄ ልከውልኛል። ብዙዎቹ ተቀራራቢ ስለሆኑ አንድ ላይ እመልሳለሁ። የያዘ ወይም የሚያፈስ ካሊፐር ሁሉ የሚጣል አይደለም። አብዛኛው በአዲስ ጎሚኒ (ፒስተኑን ዙሪያውን በሚያሽገው ላስቲክ) እና በትዕግስት ይድናል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ትንሽ ስነዳ የፊት ጎማዬ ይይዛል። ፍሬኑን ለቅቄው እንኳ በእጅ አይዞርም። መካኒኩ ካሊፐር ግዛ አለኝ። እውነት መግዛት አለብኝ?

መልስ፦ ቆይ፣ አትቸኩል። መጀመሪያ ጥፋቱ የት እንዳለ እንለይ። ጎማው እንደያዘ ሞተሩን አቁምና የፊት ጎማውን ከመሬት አንሳ። ካሊፐሩ ላይ ያለችውን የአየር ማውጫ ብሎን በቁልፍ ትንሽ አላላት። ዘይቱ ፊጭ ብሎ ወጥቶ ጎማው ከተለቀቀ ግፊቱ የታፈነው ከላይ ነው። ማስተሩን (እጀታው ጋ ያለውን፣ ዘይቱን ወደ ካሊፐር የሚገፋውን ክፍል) ወይም ቱቦውን ጠርጥር። ብሎኗ ላልታም ጎማው ካልዞረ ግን የነከሰው ካሊፐሩ ነው።

ማስተሩ ውስጥ ዘይት የሚመለስባት፣ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አለች። በዝቃጭ ከተደፈነች ዘይቱ ሲሞቅ መሄጃ ያጣል። ያኔ ፍሬኑ ማንም ሳይነካው ይይዛል። ያረጀ የላስቲክ ቱቦም ውስጡ አብጦ ግፊት ያሳልፋል እንጂ አይመልስም። ያማሃ ቱቦውን በየ4 ዓመቱ፣ ዘይቱንና የካሊፐሩን ጎሚኒ በየ2 ዓመቱ ቀይሩ ይላል። ሞተሩ ሲመረት የተገጠመ ቱቦ ይዘው ዛሬም የሚነዱ አሉ። እባካችሁ እሱንም እዩት።

ጥያቄ፦ እኔ ጎሚኒውን በአዲስ ቀይሬ ነበር። በወሩ ተመልሶ ያዘ። ጎሚኒው ፎርጅድ ይሆን?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ቀድሜ የምጠረጥረው ጎሚኒው የሚቀመጥበትን ቦይ ነው። ይህን ረዘም አድርጌ ልመልስ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡንም ድካሙንም የሚያጣው እዚህ ጋ ነው።

እያንዳንዱ ፒስተን ዙሪያ ሁለት ጎሚኒ አለ። የውስጠኛው ግፊት ይይዛል፤ የውጪው አቧራና ውሃ ይከለክላል። ፍሬን ስትይዝ ፒስተኑ ወደፊት ይገፋል፤ የውስጠኛው ጎሚኒም አብሮት ትንሽ ይለጠጣል። ስትለቅ ወደ ቅርጹ ይመለሳል፣ ፒስተኑንም ይዞት ይመለሳል። ሌላ የሚመልሰው ስፕሪንግ የለም። ሥራው ሁሉ በዚያች ላስቲክ ላይ ነው።

ካሊፐሩ አሉሚኒየም ነው። በዓመታት ውስጥ እርጥበት ቦዩ ውስጥ ገብቶ ጠመኔ የመሰለ ነጭ ዝገት ይሠራል። ዝገቱ ጎሚኒውን ከኋላ እየገፋ ፒስተኑ ላይ ያጣብቀዋል። እንዲህ የተጨናነቀ ጎሚኒ መለጠጥም መመለስም አይችልም። አዲሱን ጎሚኒ የከተትከው እዚያው ዝገት ላይ ከሆነ ምንም አልተቀየረም።

ኤክስቲው ላይ ያገኘሁት ይኸው ነው። ቦዩ ላይ ላዩን ሲታይ ንጹሕ ይመስላል። ባትሪ ከጎን ሳበራበት ግን ጥጉን ተከትሎ ነጭ መስመር ይዞራል። ጫፉ በታጠፈ ቀጭን የነሐስ ሽቦ ቀስ ብዬ ስፍቀው ዱቄት ይረግፋል። የቦዩ ወለል እስኪያብለጨልጭ መፋቅ ነው። የቦዩን ጠርዝ ግን እንዳትቧጭረው። መሮና ድሪል እዚያ አይግባ። ስትጨርስ አዲሱን ጎሚኒ አስገባ፣ ፒስተኑን የፍሬን ዘይት ቀባውና በአውራ ጣቶችህ ግፋው። ቀጥ ብሎ በጣት ኃይል ከገባ ሥራህ ጥሩ ነው። መዶሻ ካማረህ ቦዩ ገና አልጸዳም ወይም ፒስተኑ ጠሟል።

ጥያቄ፦ ፒስተኑ አልወጣ አለኝ። ጎሚስታ ጋ ወስጄ በኮምፕሬሰር ላስወጣው?

መልስ፦ ተው! በአየር የተተኮሰ ፒስተን ጣት ይሰብራል። ቱቦውን ከመፍታትህ በፊት ፍሬኑን ራሱን ተጠቀም። ካሊፐሩን ከዲስኩ ላይ አንሳ፣ ሸራዎቹን አውጣ፣ እጀታውን ደጋግመህ ጨብጥ። ማስተሩ ላይ ዘይት እንዳያልቅ እየጨመርክ። ሁለት ፒስተን ካለው አንዱ መቅደሙ አይቀርም። እሱን በእንጨት ያዘውና ሌላው ይድረስበት። አንዱ ጭራሽ ከወጣ ለሌላው ግፊት አይተርፍም።

ቱቦው ቀድሞ ተፈትቶ ከሆነ በአየር ማውጫ ብሎኗ ቦታ ልኳ የሆነ የግራሶ ኒፕል ግጠም። የቱቦውን ቀዳዳ በብሎን ድፈንና በግራሶ ፓምፕ ግፋ። ቀስ ብሎ ይወጣል፣ አይተኮስም። ከዚያ በኋላ ግራሶውን አንድም ሳታስቀር ማጽዳት ግድ ነው። ፒስተኑን በፒንሳ አትንከሰው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ክፍሎቹን በቤንዚን ነው ያጠብኳቸው። ጎሚኒውንም እንዲለሰልስ የሞተር ዘይት ቀባሁት። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው እህቴ። ቤንዚን፣ ናፍጣ፣ የሞተር ዘይትና ተራ ግራሶ የፍሬን ጎሚኒን ያሳብጡታል። ያንን ጎሚኒ ጣይውና ሌላ ግዢ። ያሳዝናል፣ ግን በፍሬን አይቀለድም። ብረቱን በአልኮል አጥበሽ አድርቂው። ጎሚኒውን ከታሸገ ዕቃ በተከፈተ ንጹሕ የፍሬን ዘይት ቀቢው። የማስተሩ ክዳን ላይ ዶት 4 (የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው) ተጽፎ ከሆነ ዶት 4 ተጠቀሚ። ዶት 5 ሲሊኮን ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም። የቤንዚን ታንከሩ ላይም እንዳይንጠባጠብብሽ፤ ቀለም ይልጣል።

ጥያቄ፦ ፒስተኔ ዝጓል። መርካቶ ዞሬ ኦሪጅናል አጣሁ። ቶርኖ ቤት ላሠራው?

መልስ፦ ዝገቱ የት ላይ እንዳለ እይ። ጎሚኒው በሚያርፍበት ቦታ ጥፍርህን የሚይዝ ጉድጓድ ካለ ፒስተኑ አብቅቷል። በብርጭቆ ወረቀት ብትፈትገው ክሮሙን ልጠህ ታባብሰዋለህ። ቶርኖ ቤት ማሠራት ይቻላል፤ ብረቱ የማይዝግ፣ ልኩ ከደህናው ፒስተን ላይ በማይክሮሜትር የተወሰደ፣ ፊቱም በደንብ የተወለወለ ከሆነ። ጎሚኒውን ግን ከሌላ ላስቲክ ቆርጠን እንሥራልህ ቢሉህ እሺ እንዳትል።

ጥያቄ፦ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ስወርድ እጀታው ባዶ ሆነብኝ። ታች ቆሜ ሲቀዘቅዝ ተመለሰ። ካሊፐሩ ነው?

መልስ፦ እግዜር አትርፎሃል። ዘይትህ ፈልቶ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይችላል። 3.7 በመቶ ውሃ ከገባበት ግን ደረጃው የሚጠይቀው 155 ዲግሪ ብቻ ነው። እዚያ መንገድ ላይ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ፍሬኑ ማረፊያ የለውም። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እጀታው እሱን ይጨምቃል እንጂ ፒስተኑን አይገፋም። ዘይቱን ቀይር። ስትወርድም በማርሽ ያዘው። ካሊፐሩም መልቀቅ አቅቶት ሲያሞቅ ቆይቶ ሊሆን ይችላልና አብረህ ፈትሸው።

ጥያቄ፦ የውስጠኛው ሸራ አልቆ የውጪው ገና አዲስ ነው። ለምን?

መልስ፦ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ደርቀዋል። አውጣቸው፣ አጽዳቸው፣ ላስቲክ የማይጎዳ የሲሊኮን ግራሶ ቀባቸው። የተቀደደ መሸፈኛ ላስቲክ ካለ ቀይረው።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ነው ያለሁት። የ1970ዎቹ ሆንዳ ሲቢ 750 ገዛሁ። ካሊፐሩ ፒን የለውም። ያንተ ምክር ለሱም ይሠራል?

መልስ፦ የቦዩ ጉዳይ እንዳለ ይሠራል። ያ ሞተር በ1969 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የፊት ዲስክ ፍሬን ይዞ በብዛት ከተመረቱት ቀዳሚው ነው። አንድ ፒስተን ብቻ ነው ያለው፤ ካሊፐሩም በክንድ ላይ እንደ ማጠፊያ ይወዛወዛል። የክንዱ መዞሪያ ከደረቀ ፒስተኑን ብታድስም አንዱ ሸራ ዲስኩን እየላሰ ይቀራል። ፈትተህ ግራሶ ቀባው። ክንዱ ላይ ያለችውን ማስተካከያ ብሎን ደግሞ ሸራው ዲስኩን ሳይፋቅ ለጥቂት እንዲርቅ አድርገህ አስተካክላት። መንገዱ በክረምት ጨው የሚበተንበት ከሆነ ቦዩን ሳታይ አትግጠም።

ጥያቄ፦ ሁሉን ገጠምኩ፣ አየሩ አልወጣ አለ። እጀታው ስፖንጅ ነው።

መልስ፦ የአየር ማውጫዋ ብሎን ከካሊፐሩ ላይኛው በኩል መሆኗን እይ። ካልሆነ ካሊፐሩን ፈትተህ ብሎኗ ወደ ላይ እንድትሆን አዙረህ ያዘው፣ ሸራዎቹ መሃል እንጨት አስገባ። እጀታውን ጨብጠህ ብሎኗን ፍታ፣ ዝጋ፣ ከዚያ እጀታውን ልቀቅ። በዚህ ቅደም ተከተል። የቱቦው መጋጠሚያ ላይ ያሉት የመዳብ ሮንዴላዎችም አዲስ ይሁኑ። ትንንሽ አረፋ ከቀረ እጀታውን በላስቲክ ጠፍረህ አሳድረው። ጠዋት ካሊፐሩንና መጋጠሚያውን በደረቅ ሶፍት ጥረገው። ሶፍቱ ከረጠበ አትንዳ። ደረቅ ከሆነ እጀታው ድርቅ እስኪል ጨብጠው፣ ከዚያ በእግር እየገፋህ ፍሬኑን ሞክር። ሞተር የምታስነሳው ከዚያ በኋላ ነው።