«ቲቸር፣ ፎቶውን ያነሳው ማነው?»

ውድ ልጆቼ፣

ታሪክ ሳስተምር 33 ዓመት ኖሬያለሁ። አሁን ጡረታ ወጥቼ ቤት ነኝ። ሰሞኑን አንዲት የጎረቤት ልጅ፣ አሥረኛ ክፍል ናት፣ በር አንኳኩታ ገባች። መምህራቸው ስለ የካቲት 12፣ ጣሊያኖች በ1929 አዲስ አበባ ላይ ስለፈጸሙት ጭፍጨፋ፣ ሲያስተምሩ የተቆረጠ ጭንቅላት የሚታይበት ፎቶ በፕሮጀክተር አሳይተዋቸው ነበር። አንዳንዱ ልጅ አለቀሰ። አንዳንዱ ስልኩን አውጥቶ ቀረጸ። ማታ ወላጆች ተቆጡ፣ በማግስቱ ትምህርት ቤቱ ስብሰባ ጠራ። እሷን ግን ያመጣት ነገር ሌላ ነው። «ቲቸር፣ ማየት ነበረብን ወይስ አልነበረብንም?» አለችኝ።

ሻይ አፍልቼላት ግማሹን መለስኩላት። ይህ ደብዳቤ ቀሪው ግማሽ ነው።

እኔ በእናንተ ዕድሜ ሳለሁ ማንም «ላሳይህ ወይ?» ብሎ አልጠየቀኝም። ዘመኑ 1970 ዓ.ም. ነው። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ቀይ ሽብር ነውና የተገደለ ሰው መንገድ ዳር ይጣላል፣ ደረቱ ላይ ጽሑፍ ያለበት ካርቶን ይደረግበታል። አንድ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ ድልድዩ አጠገብ አንድ ወጣት ተጋድሞ አየሁ። አንድ እግሩ ጫማ የለውም። ካልሲው ቡናማ ነው፤ ተረከዙ ላይ ተቀዶ በሌላ ቀለም ክር ተሰፍቷል። ካርቶኑ ላይ ምን እንደተጻፈ ዛሬ ትዝ አይለኝም። ካልሲው ግን አይረሳኝም። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሰፍቶለታል።

እናቴ በነጠላዋ ዓይኔን ሸፍና ጎትታ ወሰደችኝ። ማታ ምንም አላለችም። አባቴም አላለም። ክፍል ስገባ መምህራችን ሒሳብ አስተማሩን። ቤተሰብ እንኳ ለልጁ ለቅሶ መቀመጥ የተከለከለበት ጊዜ ስለነበር ማንም ላይ አልፈርድም። ግን ካየሁት ይልቅ ዝምታው ነው እኔ ላይ የቆየው። ለዓመታት በዚያ ድልድይ ባለፍኩ ቁጥር ጥፋተኛው እኔ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ይህን የማውቅ ሰው፣ አስተማሪ ስሆን ራሴ አጠፋሁ።

ያስተማርኩ አምስተኛ ዓመቴ ነው። ስለ የካቲት 12 የማስተምረው ነገር ተማሪዎቹን አልነካ አለ። 60 ልጅ፣ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ግማሹ እንቅልፉን ይታገላል። ተናደድኩ። ከአንድ ቤተ መጻሕፍት ፎቶ ኮፒ አድርጌ ያስቀመጥኩት ሥዕል ነበረኝ። ወታደሮች የተቆረጠ ጭንቅላት ይዘው ፈገግ ብለው ቆመዋል። ምንም ሳልናገር ከዴስክ ዴስክ አዞርኩት። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም ሠራ ብዬ ደስ አለኝ። ኋላ ወንበር ላይ ያለ አንድ ልጅ ግን ሳቀ። ጠርቼ ውጪ አንበረከክሁት። ደወል ተደወለ፣ ጠመኔዬን ይዤ ወጣሁ። ወረቀቱን እንኳ ተመልሼ የሰበሰብኩት ከሰዓታት በኋላ ነው።

በማግስቱ ያ የሳቀው ልጅ መምህራን ክፍል ድረስ መጣ። ሌሊቱን አልተኛም። መሳቁ ከፍርሃት እንደነበር ያኔ ገባኝ፤ አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ ጓደኞቹ ፊት ማልቀስ ሲያቅተው ይስቃል። ይቅርታ ሊጠይቅ የመጣ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን «ቲቸር፣ ፎቶውን ያነሳው ማነው?» አለኝ።

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ።

ፎቶውን ያነሱት ራሳቸው ጣሊያኖቹ ናቸው። ብዙ ወታደሮች የራሳቸው ካሜራ ነበራቸው። የገደሉትን ሰው አጠገብ ቆመው ይነሳሉ፣ ለማስታወሻ ያስቀምጣሉ። በኋላ እነዚሁ ፎቶዎች ለእኛ ማስረጃ ሆኑ። ማስረጃነታቸው ትልቅ ነገር ነው፤ መካድ አይቻልም። ነገር ግን ያንን ወረቀት ተማሪ እጅ ላይ ሳደርግ ልጁን ያቆምኩት ገዳዩ በቆመበት ቦታ ነው። የሚያየው በገዳዩ ዓይን ነው። ስም የለ፣ አገር የለ፣ እናት የለ፤ ገዳዩ እንዲታይለት የፈለገው ያ ጭንቅላት ብቻ። እኔም ሳላስበው ሰውየውን ለሁለተኛ ጊዜ ለእይታ አቀረብኩት።

አሁን ሌላ ግድግዳ ላሳያችሁ። መስቀል አደባባይ ጥግ ላይ በ2002 የተከፈተ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ። በግድግዳው ላይ ብዙ ፎቶ ተሰቅሏል። አብዛኞቹ ፎቶ ቤት ገብተው የተነሷቸው ናቸው። ጎፈሬ ያበጠሩ፣ ሰፊ ኮሌታ ያለው ሸሚዝ የለበሱ፣ የተማሪ መታወቂያ ላይ የሚለጠፍ ዓይነት ፊት። እነዚህን ፎቶዎች ያቆዩት ቤተሰቦች ናቸው። እናት ከሳጥኗ አውጥታ፣ እህት ከአልበም ነቅላ የሰጠቻቸው። እዚህ ስትቆሙ የምታዩት በእናት ዓይን ነው። በዚያው ቤት ውስጥ ከጅምላ መቃብር የወጣ አጽም፣ የራስ ቅልና የተገኘ ልብስም አለ። አራት ልጆቿን በአንድ ቀን ያጣች እናት ሐዘንም እዚያ ተጽፏል።

ተማሪዎቼን እዚያ መውሰድ ከጀመርኩ በኋላ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ፎቶዎቹ ፊት ብዙ የቆየ ልጅ አጽሙ ጋ ሲደርስ አይስቅም፣ ስልክም አያወጣም። ድምፁን ይቀንሳል። ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ይሆናል። ሮጦ ወደ አጽሙ የሚሄደው ልጅ ግን እንደ አስፈሪ ፊልም ነው የሚያየው። አጽሙ ያው ነው። የሚለያቸው መጀመሪያ ማንን እንደተዋወቁ ነው።

ሌሎች አገሮችም ይህን አስበውበታል። ሩዋንዳ፣ ኪጋሊ ያለው የዘር ማጥፋት መታሰቢያ ከ250,000 በላይ ሰዎች ያረፉበት ቦታ ነው። እዚያ ለሕፃናት የተለየ ክፍል አለ። የአንድ ልጅ ትልቅ ፎቶ ይሰቀልና ከሥሩ የሚወደው ምግብ፣ የሚወደው መጫወቻ፣ በመጨረሻም እንዴት እንደተገደለ በአጭሩ ይጻፋል። ደም የሚባል ነገር አታዩም። ያንን ክፍል በደረቅ ዓይን መውጣት ግን ከባድ ነው። ዋሽንግተን የሚገኘው የሆሎኮስት፣ ናዚዎች አይሁዶችን የፈጁበት፣ መታሰቢያ ሙዚየም ደግሞ ዘግናኝ ፊልሞችን የሚያሳየው አጠር ካለ ግድግዳ ጀርባ ነው። ትንሽ ልጅ አይደርስበትም፤ ትልቅ ሰውም ቢሆን አስቦበት፣ ተጠግቶ፣ አጎንብሶ ነው የሚያየው። ቋሚ ዐውደ ርዕዩንም 11 ዓመት ለሞላቸው ነው የሚመክሩት። ኢየሩሳሌም ያለው የሆሎኮስት መታሰቢያ፣ ያድ ቫሼም፣ መምህራንን ሲያሠለጥን ተማሪን በሰላም አስገብታችሁ በሰላም አስወጡ ይላል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። መንገደኛ ስንሸኝ «በሰላም ያግባህ» እንል የለ?

እኔ በዚያ ከሰዓት በኋላ ልጆቹን አስገባኋቸው። ማስወጣቱን ለደወሉ ተውኩት።

«እንግዲያው ጭራሽ አይታይ» የሚሉ ወላጆች አሉ። ፍርሃታቸው ይገባኛል። ግን አልስማማም። ከዚያ ስህተት በኋላ እኔም ለዓመታት ምንም አላሳየሁም ነበር። «ብዙ ሰው ተገደለ» ብዬ አልፋለሁ። ልጆቹም «ብዙ ሰው ተገደለ» ብለው ለፈተና ጻፉ። ይህም በደል ነው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የጣሊያኑ ገዢ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲወረውሩ ግቢው ውስጥ የነበሩት ምጽዋት ሊቀበሉ የተሰበሰቡ ድሆች ነበሩ። ተኩሱ ከእነሱ ጀመረ። ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ ከተማው ታረደ፣ ቤት ከነሰዉ ተቃጠለ። የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ ያቀረበው ቁጥር 30,000 ነው፤ በቅርብ ዓመታት የተደረገ ጥናት ደግሞ ወደ 19,000 ይጠጋል ይላል። ይህን ሁሉ «ብዙ ሰው» ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ያልተነገረ ነገር ምን እንደሚያመጣም አይተናል። በ2004 ዓ.ም. ሮም አቅራቢያ አፊሌ በምትባል ትንሽ ከተማ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ተሠራለት፣ ያውም በሕዝብ ገንዘብ። ይህ ሰው ከጦርነቱ በኋላ የተፈረደበት ከናዚ ጋር በመተባበሩ ነው። 19 ዓመት ተፈርዶበት በወራት ውስጥ ወጣ። ኢትዮጵያ ውስጥ ለፈጸመው አንድም ቀን ፍርድ ቤት አልቆመም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንላለን። የተወጋው ለልጁ ካልነገረ ግን እሱም ይረሳል።

ደግሞም ሁሉ ነገር ፎቶ አይፈልግም። ስለ ደብረ ሊባኖስ ሳስተምር አንድም ሥዕል አላሳየሁም። ግንቦት 1929 ግራዚያኒ ወደ ሮም ያስተላለፈውን ሪፖርት ብቻ ነበር የምነግራቸው። 297 መነኮሳት ተረሸኑ ይላል፣ ቀጥሎም 129 ዲያቆናት። የመጋዘን ዕቃ እንደሚቆጠር። ከዚያ «ዲያቆን ስንት ዓመቱ ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ክፍሉ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ሁለት ዲያቆን ይኖራል። ዘወር ብለው ያዩዋቸዋል። ከዚያ በኋላ እኔ ብዙ መናገር አያስፈልገኝም።

የሞተውን ሰው ክብር የሚጠብቅ ፎቶም አለ። በ1955 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ አሜሪካ ሚሲሲፒ ውስጥ ኤመት ቲል የሚባል የ14 ዓመት ጥቁር ልጅ ነጮች ደብድበው ገደሉት። ፊቱ አይለይም ነበር። እናቱ በሽኝቱ ላይ የሬሳ ሣጥኑ ክፍት እንዲሆን ወሰነች፣ ፎቶው ጄት የተባለው መጽሔት ላይ እንዲወጣ ፈቀደች። አገር ምድሩ አየ። እዚህ ላይ የወሰነችው እናት ናት። እናቱ «እዩት» ያለችውን ልጅና ገዳዩ «እዩልኝ» ያለውን ሰው እኩል አታድርጓቸው።

ስለ ስልካችሁ አሁን ላንሳ። አዋቂዎች «ልጆች ይህን ማየት የለባቸውም» ብለን ስንከራከር እናንተ ቴሌግራም ላይ ከእኛ የባሰ አይታችኋል። ባለፉት ዓመታት በአገራችን በሆነው ሁሉ፣ የተቃጠለ ሰው፣ የተገደለ ሰው፣ ገዳዮቹ ራሳቸው የቀረጹት ቪዲዮ እጃችሁ ገብቷል። ያ ወታደር በ1929 በካሜራው ያደረገውን ዛሬ ስልክ የያዘ ሰው ያደርገዋል። የሌላ አገር ሬሳ የእኛ ተብሎ ይለጠፋል፤ የአንዱ ወገን ሟች የሌላው ተብሎ ይዞራል። ከሥሩ «ሼር አድርጉ» የሚል ይጻፍበታል። እባካችሁ አታድርጉ። የዚያ ሰው እናት መርዶ ሳይደርሳት ቪዲዮው ሊደርሳት ይችላል። ማስረጃ ነው ብላችሁ ካመናችሁ ለሚመረምር ሰው ስጡት እንጂ ለክፍል ጓደኛ ግሩፕ አትላኩት። ያያችሁት ነገር እንቅልፍ ከነሳችሁም ለምታምኑት ትልቅ ሰው ንገሩ። እንደ እኔ ዓመታት አትጠብቁ።

መምህራችሁ ነገ እንዲህ ያለ ፎቶ አመጣለሁ ካሉ አስቀድማችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። የማን ነው? ማን አነሳው? ካየን በኋላ ስንት ደቂቃ እናወራለን? ማየት ያልፈለገ ልጅ ፊቱን ቢያዞር ፈሪ አይደለም፣ ማርኩም አይቀነስበትም። ትምህርቱን በቃል መስማት ግን አለበት። ይህን የማንበብ ዕድል የሚያገኙ ወጣት መምህራንም ካሉ፣ እኔ 15 ዓመት ላልሞላው ልጅ አላሳየሁም። ለሞላውም ቢሆን የማሳየው ታሪኩን ነግሬ ከጨረስኩ በኋላ፣ አንድ ፎቶ ብቻ፣ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ መጀመሪያ ላይ ነበር። መጨረሻ ላይ አይሆንም።

የመጨረሻ ዓመቴ ላይ ተማሪዎቼን ከየቤታችሁ አንድ ስም ይዛችሁ ኑ አልኳቸው። በየትኛውም ዘመን በግፍ የሞተ ዘመድ። አብዛኛው ልጅ ስም ብቻ ይዞ መጣ። አንዳንዱ የሰማው ያን ሌሊት ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር፣ ከአያቱ። አንዲት ልጅ ግን ፎቶ አመጣች። የአያቷ ታናሽ ወንድም ነው፣ ጎፈሬ ያለው፣ ጊታር የያዘ። ጊታሩ የእሱ እንዳልሆነ፣ ፎቶ ቤቱ የሚያውሰው እንደነበር አያቷ ነግረዋታል። ክፍሉ ሳቀ፤ ይህኛው ሳቅ ደስ የሚል ነበር። እንዴት እንደሞተም ነገረችን። ከዚያ አንድ ልጅ «ፎቶውን ያነሳው ማነው?» ብሎ ጠየቀ። ያንን ጥያቄ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ልጅቷ ፎቶውን ገልብጣ ጀርባውን አየች። የፎቶ ቤቱ ማኅተም ደብዝዞ ቀርቷል። ከሥሩ በእርሳስ «ለእማዬ» ይላል።