ሽሮው ወፈር ይበል፦ ስለ ጾምና ፕሮቲን ለጠየቃችሁን

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የሚያነሱት አንድ ጉዳይ ነው፦ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ሳይነኩ ሰውነት የሚፈልገውን ፕሮቲን ከየት ያገኛል? አምስቱን መርጠን መልስ ሰጥተንባቸዋል።

ጥያቄ፦ በዓቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እቆያለሁ። ከዚያ ሽሮ በእንጀራ እበላለሁ፤ አንዳንዴ ጎመንና ድንች ይጨመርበታል። ማታም ያው ነው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ጉልበቴ ይከዳኛል፣ ደረጃ መውጣት ያቅተኛል። ክብደቴ 60 ኪሎ ነው። የፕሮቲን ዱቄት ልግዛ?
ጿሚ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ዱቄቱን ከመግዛትዎ በፊት ሽሮዎን ይመዝኑ።

ጤነኛ አዋቂ ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን 0.8 ግራም ያህል ፕሮቲን ያስፈልገዋል። የእህልና የጥራጥሬ ፕሮቲን ሆድ ውስጥ እንደ እንቁላልና እንደ ወተት በሚገባ ስለማይፈጭ፣ በጾም ወራት 0.9 ወይም 1 ግራም ብሎ ማስላት ይሻላል። ለእርስዎ በቀን ከ54 እስከ 60 ግራም ይሆናል።

አሁን ማዕድዎን እንቁጠር። አንድ ሙሉ የጤፍ እንጀራ ከ10 እስከ 12 ግራም ፕሮቲን አለው። በቀን ሁለት እንጀራ ቢበሉ 22 ግራም ያህል አገኙ ማለት ነው፤ ይህ ቀላል አይደለም። ድንቹና ጎመኑ ተደምረው አራት ግራም ቢጨምሩ ነው። ችግሩ ሽሮው ላይ ነው። ሞላ ያለ የሾርባ ማንኪያ የሽሮ ዱቄት ወደ 10 ግራም ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ ፕሮቲኑ ሁለት ግራም ብቻ ነው። በብዙ ቤት ለሦስት ሰው የሚሠራ ሽሮ ሦስት ወይም አራት ማንኪያ ዱቄት በብዙ ውኃና ዘይት ተበጥብጦ ነው። እያንዳንዱ ሰው የሚደርሰው ከሁለት ግራም ብዙም አይበልጥም። ድስቱ ሙሉ ነው፣ ሽታው ያውዳል፣ ሆድም ይሞላል፤ ፕሮቲኑ ግን እዚያ የለም። ምሳውንም እራቱንም ብንደምር ቀኑን ሙሉ ያገኙት 30 ግራም ገደማ ነው፤ ከሚያስፈልግዎ ግማሹ ማለት ነው።

ስለዚህ መለኪያውን የቡና ስኒ ያድርጉት። ለአንድ ሰው አንድ ስኒ ሙሉ የሽሮ ዱቄት (40 ግራም ያህል) በአራት ስኒ ውኃ ይሥሩ። ዱቄቱን መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጠው ወደ ቁሌቱ ቢያፈሱት አይጓጉልም። እሳቱን ቀንሰው እያማሰሉ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያንተክትኩት፤ ጥሬ ጥሬ የሚለው ሽታ መጥፋት አለበት። እንዲህ የተሠራ ሽሮ ስምንት ግራም ይሰጥዎታል። በሌላኛው ማዕድ ምስር ያድርጉ፦ አንድ የቡና ስኒ ደረቅ ምስር ወደ 60 ግራም ይመዝናል፣ ፕሮቲኑም 14 ግራም ገደማ ነው። የሽምብራ ቆሎ አንድ ጭብጥ (40 ግራም) ስምንት ግራም አለው። በዚህ ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ ሰባት ግራም ይጨምርልዎታል። ለውዙን ራስዎ የሚፈጩ ከሆነ የተጨማደደውን፣ የጠቆረውንና የሚመረውን ለቅመው ይጣሉ፤ የሻገተ ለውዝ የሚያመነጨው መርዝ በመቁላት አይጠፋም። ሁሉም ሲደመር ከ60 ግራም ያልፋል፤ የፕሮቲን ዱቄትም አላስፈለገዎትም።

እንጀራና ጥራጥሬ አብረው መበላታቸው ዝም ብሎ ልማድ አይደለም። እህል ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፤ ጤፍ ከስንዴ ይሻላል እንጂ እሱም ቢሆን ይጎድለዋል። ጥራጥሬ ደግሞ ላይሲን ሞልቶት ሜታዮኒን ያንሰዋል፤ ሰሊጥና እህሉ ይህን ይሞሉለታል። ሁለቱ የግድ አንድ ማዕድ ላይ መገናኘት የለባቸውም። በአንድ ቀን ውስጥ ሁለቱም ከተበሉ ሰውነት ያገጣጥማቸዋል።

አንድ ነገር ግን ልንነግርዎ ግድ ይለናል፦ ጉልበት የሚከዳው በፕሮቲን እጥረት ብቻ አይደለም። ከበሉ በኋላ ወዲያው ቡና ወይም ሻይ የሚጠጡ ከሆነ በምስሩና በጎመኑ ውስጥ ያለው ብረት በብዛት ሳይጠቅምዎ ያልፋል። ቢያንስ አንድ ሰዓት ያቆዩት። ሰላጣው ላይ ሎሚ ይጭመቁበት፣ ቃሪያም ይጨምሩ፤ ብረቱን ሰውነት እንዲቀበለው ያግዛሉ። ድካሙ ከፋሲካ በኋላም ከቀጠለ የደም ምርመራ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ እናታችን 72 ዓመታቸው ነው፤ 55 ኪሎ ይመዝናሉ። ጥርሳቸው ስለረገፈ ቆሎም ንፍሮም አይሆንላቸውም። በጾም ዳቦ በሻይና ተልባ ብቻ ነው የሚወስዱት። ክንዳቸው እየሰለለ ነው። ጹሙ አይጹሙ ብለን ልንናገራቸው አንደፍርም።
ልጆቻቸው፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ዕድሜ ሲገፋ የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፤ የፕሮቲን ፍላጎት ግን ይጨምራል። ለእርሳቸው ዕድሜ በኪሎ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ይመከራል፤ ቢያንስ በቀን 55 ግራም ማለት ነው። ተልባ ለሆድ ድርቀት መልካም ነው፤ ለፕሮቲን ግን አንድ ብርጭቆ የተልባ ውኃ ብዙ አይረዳም። ዳቦ በሻይ ደግሞ ሆድ መሙያ ነው።

ጥርስ የማይፈልግ የጾም ምግብ ሞልቷል፦ እልበት፣ ስልጆ፣ ቡቲቻ። ከሁሉ የሚቀለው ግን ይህ ነው። አንድ የቡና ስኒ ቀይ የምስር ክክ አጥባችሁ በአምስት ስኒ ውኃ፣ በትንሽ ሽንኩርትና በእርድ ቀቅሉ። በ25 ደቂቃ ሟሙቶ ይፈርሳል። ከእሳት ሲወርድ አንድ የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ በትንሽ ሙቅ ውኃ አሟሙታችሁ ጨምሩበት። ለውዙን አብራችሁ ብታፈሉት ከድስቱ ሥር ይይዛል። ይህ ሳህን 18 ግራም ፕሮቲን አለው። ግማሽ እንጀራ ፈትፍታችሁ ብትሰጧቸው 23 ወይም 24 ይደርሳል። በቀን ሁለቴ ከበሉትና መሐል ላይ በውኃና በጥቂት የለውዝ ቅቤ የተበጠበጠ በሶ ከወሰዱ የሚያስፈልጋቸው ሞላ። ጠዋትና ማታ ከፋፍሎ መስጠቱ ሁሉንም በአንድ ማዕድ ከመስጠት ይበልጣል፤ የአረጋዊ ጡንቻ በየማዕዱ በቂ ፕሮቲን ሲደርሰው ነው የሚጠቀምበት። ከወንበር ተነሥቶ መቀመጥን በቀን አሥር ጊዜ ያህል ይለማመዱ፤ ያልሠራ ጡንቻ ቢመግቡትም አይጠነክርም።

የኩላሊት ሕመም ካለባቸው የፕሮቲኑን መጠን የሚወስነው ሐኪማቸው ነው። ስለ ጾሙ ደግሞ እናንተ አትናገሯቸው፤ የንስሐ አባታቸው ይናገሯቸው። ለታመመና ለደከመ ሰው ጾሙን የማቅለል ሥርዓት አለ፤ እናቶቻችንም ከልጆቻቸው ይልቅ ከአባታቸው ቢሰሙት ይቀበሉታል።

ጥያቄ፦ ከጾሙ አልፌ ዓመቱን ሙሉ ሥጋና ወተት ትቻለሁ። ቁርሴ እህል በአልሞንድ ወተት ነው። በቂ ነው?
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ የአልሞንድ ወተት ስሙ ወተት ሆነ እንጂ በአንድ ብርጭቆ አንድ ግራም ፕሮቲን ብቻ ነው ያለው። የአጃ ወተት ሁለት ወይም ሦስት አለው። የአኩሪ አተር ወተት ግን ሰባት ወይም ስምንት ግራም ይደርሳል፤ ከእነዚህ ውስጥ ከላም ወተት ጋር የሚተካከለው እሱ ነው። ካልሲየም የተጨመረበትንና ስኳር የሌለበትን ይምረጡ፤ ከመጠጣትዎ በፊትም ካርቶኑን ይነቅንቁት፤ ካልሲየሙ ታች ይዘቅጣል።

እዚያ ቶፉ በቀላሉ ስለሚያገኙ ይጠቀሙበት። ጠንከር ያለው ዓይነት በ100 ግራም ከ12 እስከ 15 ግራም ፕሮቲን አለው። የሚፈረካከሰውና የማይጠበሰው ውኃው ስላልወጣለት ነው፦ በንጹሕ ፎጣ ጠቅልለው ከባድ ነገር ይጫኑበትና 20 ደቂቃ ያቆዩት። ከዚያ ቆራርጠው በጋለ ዘይት ለብቻው ያቅሉት፤ ሽንኩርቱን፣ ቃሪያውንና የጥብስ ቅጠሉን በመጨረሻ ይጨምሩ።

ዓመቱን ሙሉ ለሚተው ሰው ከፕሮቲን በላይ የሚያሳስበው ቫይታሚን ቢ12 ነው። ከእህልና ከአትክልት አይገኝም። ጿሚ በፍስኩ ወራት ይተካዋል፤ እርስዎ ግን ፍስክ የለዎትም፤ ስለዚህ እንክብሉን ያለማቋረጥ ይውሰዱ። እጥረቱ ዓመታት ቆይቶ ነው የሚታየው፤ እጅና እግር መደንዘዝ ሲጀምር ነርቭ ተጎድቷል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ባቄላውን አሳድሬ ነክሬ፣ ግማሽ ቀን ቀቅዬም አልበስል ይለኛል። ቤኪንግ ሶዳ መጨመር ይጎዳል?
ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ከፍታው ራሱ አንዱ ምክንያት ነው። ውኃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ አዲስ አበባ ላይ በ92፣ እናንተ ጋ ደግሞ በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ድስቱ ቢንፈቀፈቅም ሙቀቱ ከዚያ አይወጣም። ፕሬዠር ድስት የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ያደረ ባቄላ በ25 ደቂቃ ይበስልበታል።

ሁለተኛው ምክንያት የባቄላው ዕድሜ ነው። ሙቀትና እርጥበት ባለበት ጎተራ የከረመ ጥራጥሬ ቢቀቀል ቢቀቀል አይለሰልስም። እንዲህ ያለውን ማገዶ አይፍጁበት፤ ቆልተው ለሽሮ ያስፈጩት። ሦስተኛው፣ ቲማቲም፣ ሎሚ ወይም ሌላ ኮምጣጣ ነገር ሳይበስል ከገባበት ቆዳው ይጠነክራል፤ እነዚህን ከለሰለሰ በኋላ ይጨምሩ።

ሶዳው ያለሰልሳል፤ ግን ቫይታሚን ቢ1ን ያጠፋል። ካስፈለገ ለአንድ ሊትር መንከሪያ ውኃ የሻይ ማንኪያ ሩብ ብቻ ይጨምሩና ሲነጋ ውኃውን ደፍተው፣ ባቄላውን አለቅልቀው በአዲስ ውኃ ይቀቅሉ። መንከሪያውን መድፋቱ ሆድ የሚነፋውንም ይቀንሳል። በቆልት ቢያደርጉት ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል፦ 12 ሰዓት ነክረው ያጥልሉ፣ በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ጠዋትና ማታ እያለቀለቁ ሁለት ቀን ያቆዩት። ጭራው ብቅ ሲል ብረትና ዚንክ አስሮ የሚይዘው ነገር ቀንሷል። ሳይቀቅሉ ግን አይብሉት፤ እርጥበትና ሙቀት ለጀርምም ይመቻል።

ጥያቄ፦ ዘንድሮ አተርም ሽምብራም ተወዷል። ሽሮውን በጓያ ብናደርገው ፕሮቲኑ አንድ አይደለም ወይ?
ከፎገራ

መልስ፦ ፕሮቲኑስ ይበልጣል፤ ከመቶ 27 ገደማ አለው። ነገር ግን ጓያ ውስጥ የእግር ነርቭን የሚጎዳ መርዝ አለ። ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ጉልበት ይተሳሰራል፣ ሰው በጣቱ ጫፍ መራመድ ይጀምራል፣ ከዚያ ምርኩዝ ይይዛል። መድኃኒት የለውም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በሰሜን ወሎ ደላንታና ዳውንት ድርቅ ሌላውን ሰብል አጥፍቶ ጓያ ብቻ ሲቀር ብዙ ሰው በዚህ ተጎድቷል። በብዛት የሚመታውም ወጣት ወንዶችን ነው።

በተለይ ሽሮ ማድረጉ የማይመከርበት ምክንያት አለ። መርዙ በውኃ ይሟሟል፤ ጓያውን አሳድረው ነክረው ውኃውን ቢደፉ፣ ቀቅለውም ደግመው ቢደፉ ከፊሉ ይወጣል። ሽሮ ግን የተበጠበጠበት ውኃ ሁሉ ይበላል፤ የሚደፋ የለውም። ቆልቶ ማስፈጨቱም መርዙን አያስወግደውም።

ሌላ ምርጫ ከሌለ ጓያውን ነክራችሁ፣ ውኃውን ደፍታችሁ፣ ቀቅላችሁ፣ አንድ እጅ ጓያ ለሦስት እጅ እህል አድርጋችሁ በንፍሮ ብሉት፤ በየቀኑ ግን አይሁን። ለሽሮው ባቄላ ይሻላል፤ ከሽምብራ ብዙ ጊዜ ይረክሳል፣ ፕሮቲኑም ከመቶ 26 ያህል ነው። ገበያ ላይ የተፈጨ ሽሮ ስትገዙ ምን እንደተቀላቀለበት በዓይን መለየት አይቻልም። ስለዚህ ጥራጥሬውን በፍሬው ገዝታችሁ ልቀሙት፤ ጓያው ጠፍጣፋና ማዕዘን ያለው፣ መጥረቢያ የሚመስል ፍሬ ነው። ከለቀማችሁ በኋላ ራሳችሁ አስፈጩት።