ጄኔሬተሩ ሲያምፅ፣ ባትሪው ሲከዳ፦ ጥያቄና መልስ

ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ፣ ከካዛንቺስ እስከ መርካቶ ባሉ ሱቆች፣ ክሊኒኮችና ሕንፃዎች ውስጥ የናፍጣ ጄኔሬተር ስጠግን ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች የምመልሰውም በዚሁ ሥራ ላይ ባየሁት መሠረት ነው። አስቀድሜ የምለምናችሁ አንድ ነገር አለ፦ መለዋወጫ ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ። ተቃጥሏል ተብሎ ከወረደው ዕቃ ውስጥ ብዙው ጤነኛ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ያንን አስቀድሞ ለማወቅ የሚያስፈልገውም አንድ ደህና ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ብቻ ነበር። ማንኛውንም ሽፋን ከመክፈታችሁ በፊት ደግሞ መቆጣጠሪያውን «ስቶፕ» ላይ አድርጉ፣ ቻርጀሩን ከመብራት አቋርጡ፣ ከዚያም የባትሪውን ነጌቲቭ ገመድ ፍቱ። በራሱ እንዲነሣ የተገጠመ ጄኔሬተር መብራት በጠፋበት ቅጽበት ይነሣል፤ የሰው እጅ ቺንጋው (የሞተሩ የሚዞር ቀበቶ) ላይ መኖሩን አያውቅም።

ጥያቄ (ፒያሳ፣ የሕክምና ላቦራቶሪ)፦ ጋሼ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተራችን «ቀጭ» የሚል ድምፅ ብቻ ያሰማና ዝም ይላል። ባትሪው ከተገዛ ገና ስድስት ወሩ ነው። የመጣው ባለሙያ ሞተሪኖው ተቃጥሏል አለን። እንግዛ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ገና አይግዙ። ሞተሪኖው፣ ማለትም ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሣው ትንሹ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል፣ ነገር ግን «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ያው ድምፅ ከደከመ ባትሪም፣ ከላላ ወይም ከዛገ የገመድ ጫፍም ይመጣል።

በመጀመሪያ ቻርጀሩን አጥፍታችሁ ባትሪው ጥቂት ሰዓት ከዐረፈ በኋላ ለኩት። ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ሙሉ ሲሆን 12.6 ወይም 12.7 ቮልት ያሳያል፤ 12.2 ካሳየ ግማሹ አልቋል፤ ከ12 በታች ከወረደ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ተደርጎም 10.5 አካባቢ ላይ ከቀረ፣ ከስድስቱ ክፍሎች አንዱ ሞቷል፤ እያንዳንዱ ክፍል ሁለት ቮልት ከጥቂት ነጥብ ስለሚሰጥ የጎደለው ቁጥር ራሱ ይናገራል። እንዲህ ያለውን ባትሪ በቻርጅ ማዳን አይቻልም።

ቀጥሎ አንድ ሰው የማስነሻ ቁልፉን ሲጫን እናንተ የቴስተሩን ጫፎች በባትሪው እርሳስ ራሶች ላይ፣ ማለትም በማያያዣው ላይ ሳይሆን በራሶቹ ላይ ይዛችሁ ቁጥሩን ተመልከቱ። ከ9.6 በታች ከወደቀ ባትሪው ሸክሙን መቻል አቅቶታል። ቁጥሩ 11 ወይም 12 ላይ ጸንቶ ቆሞ ሞተሩ ካልዞረ ግን ባትሪው ነጻ ነው፤ ጉልበቱ ባትሪውን ለቅቆ ሞተሪኖው ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ እየቀረ ነው፣ ወይም በእርግጥም ሞተሪኖው ታሟል። ሁለቱን ለመለየት የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ነጌቲቭ ራስ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አድርጋችሁ እንደገና አስነሡ። ቁልፉ ተጭኖ ሳለ ከግማሽ ቮልት በላይ ካነበባችሁ የምድር ገመዱ ላይ ዝገት ወይም ልል ብሎን አለ። በፖዘቲቩ ገመድ ላይም እንዲሁ ከባትሪው ራስ እስከ ሞተሪኖው ብሎን ድረስ ለኩ።

አራት ኪሎ አካባቢ የሚገኝ አንድ ዳቦ ቤት ሞተሪኖውን ሁለት ጊዜ አስጠቅልሎ፣ ሦስተኛውን አዲስ ገዝቶ እንኳ ጄኔሬተሩ ሊነሣለት አልቻለም ነበር። ጥፋቱ የምድር ገመዱ በቀለም ላይ መታሰሩ ነበር። ቀለሙን እስከ ብረቱ ድረስ ፍቀን ብሎኑን ስናጠብቀው በመጀመሪያው ሙከራ ተነሣ። ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣው በአንድ የብርጭቆ ወረቀት ሊፈታ በሚችል ነገር ነበርና እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ጥያቄ (ሜክሲኮ፣ የሕንፃ አስተዳደር)፦ የባትሪ ቻርጀራችን አረንጓዴ መብራት ሁልጊዜ ይበራል፤ ባትሪው ግን በየጊዜው ባዶ ሆኖ ይገኛል። ሁለት ባትሪ ቀይረናል።

መልስ፦ አረንጓዴው መብራት በብዙዎቹ ቻርጀሮች ላይ የሚነግራችሁ ቻርጀሩ መብራት ማግኘቱን እንጂ ባትሪው ኃይል ማግኘቱን አይደለም። ስለዚህ ቻርጀሩ እየሠራ ሳለ በባትሪው ራሶች ላይ ለኩ። የሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ በተጠባባቂ ቻርጅ ላይ ሳለ ከ13.4 እስከ 13.8 ቮልት፣ ባለ 24 ቮልት ከሆነ ደግሞ ከ26.8 እስከ 27.6 ገደማ ማሳየት አለበት። ባትሪው ላይ 12 ተኩል ብቻ ታይቶ የቻርጀሩ መውጫ ላይ 13.6 ከተገኘ፣ በመካከል ያለው ፊውዝ ተቃጥሏል ወይም ገመዱ ተቆርጧል፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ፊውዝ በገመዱ መሐል በትንሽ መያዣ ውስጥ ተሸሽጎ ይገኛል። በሁለቱም ቦታ ዝቅተኛ ከሆነ ቻርጀሩን ተጠራጠሩ። ነገር ግን ባትሪውን ፈትታችሁ ባዶውን ቻርጀር ለክታችሁ ዜሮ ብታገኙ አትፍረዱበት፤ ከዘመናዊዎቹ ውስጥ ባትሪ መገናኘቱን ካላወቁ ምንም የማያወጡ አሉ።

ቻርጀሩ የሚመገበው ከየትኛው ማብሪያ ማጥፊያ እንደሆነም እባካችሁ ተከተሉ። ጥበቃው ማታ ማታ የምድር ቤቱን መብራት ሲያጠፋ ቻርጀሩም አብሮ የሚጠፋበት ሕንፃ አጋጥሞኛል። ይህን በቀን መጥቶ የሚለካ ባለሙያ በፍጹም አያገኘውም፤ የሚያገኘው ማታ የሚጠይቅ ሰው ነው።

ሌላው የሚረሳ ነገር የቻርጀሩ አቅም ነው። 5 አምፔር የሚሰጥ ቻርጀር ባዶ የሆነ ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪን ለመሙላት ከ20 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ጄኔሬተሩ ሲሠራ ባትሪውን መሙላት ያለበት ሞተሩ ላይ ያለው ዲናሞ ነው። ሞተሩ እየሠራ ሳለ ባለ 12 ቮልት ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ካላነበባችሁ፣ በመጀመሪያ ቺንጋውን፣ ቀጥሎ ዲናሞውን ከመቆጣጠሪያው ሰሌዳ ጋር የሚያገናኘውን ቀጭን ሽቦ ተመልከቱ። ዲናሞው ማመንጨት እንዲጀምር የሚያነቃው ያ ሽቦ ነው፤ ሲቆረጥ ጤነኛው ዲናሞ በከንቱ ይወቀሳል።

ተቃራኒውም አለ። ሞተሩ ቆሞ ባትሪው በቻርጀሩ ላይ ብቻ ሳለ ቁጥሩ ከ14 በላይ ሆኖ ቀንና ሌሊት ከቆየ ቻርጀሩ ባትሪውን እያፈላው ነው፤ ውኃው ቶሎ ቶሎ ይጎድላል፣ ክፍሉም የተበላሸ እንቁላል ሽታ ሊይዝ ይችላል። በቻርጅ ጊዜ የሚወጣው ሃይድሮጅን ስለሚፈነዳ በዚያ ክፍል ውስጥ ሲጋራም ሆነ ክብሪት አይለኮስ። የጎደለውን ባትሪ የምትሞሉትም በተጣራ የባትሪ ውኃ እንጂ በቧንቧ ውኃ ወይም በአሲድ አይደለም።

ጥያቄ (ካዛንቺስ፣ የእንግዳ ማረፊያ)፦ ሰርቪስ ተደርጎ የናፍጣ ፊልትሮ ከተቀየረ በኋላ ሞተሩ በደንብ ይዞራል፣ ግን አይነሣም።

መልስ፦ ፊልትሮው ሲቀየር የገባው አየር አልወጣም። በፊልትሮው ራስ ላይ ያለችውን ትንሽ የማስተንፈሻ ብሎን ጥቂት አላልታችሁ የእጅ ፖምፓውን ተጫኑ፤ አረፋ የተቀላቀለበት ናፍጣ መጥቶ ጥርት ያለው እስኪከተል ድረስ ቀጥሉ፣ ከዚያ አጥብቁ። አዲሱን ፊልትሮ ከመግጠም በፊት በናፍጣ መሙላት አንዳንዱ ሞተር ላይ የተከለከለ ስለሆነ የሠሪውን መመሪያ ተመልከቱ። በሙከራው ጊዜ ሞተሪኖውን ከ10 ሰከንድ በላይ ያለ ዕረፍት አታዙሩት፤ በየመካከሉ ግማሽ ደቂቃ ይረፍ። ባትሪው በሙከራ ብዛት እየደከመ ሲሄድ ሞተሩ ቀስ ብሎ ስለሚዞር አየሩ ቢወጣም እንኳ አይነሣም፤ ያን ጊዜ አንድ የነበረው ጥፋት ሁለት ይሆናል።

ናፍጣው ወደ ሞተሩ እስከሚረጨው ዋና ፖምፓ ድረስ ደርሶ ሞተሩ አሁንም ካልተነሣ፣ የናፍጣ መዝጊያውን ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚከፈተውን መዝጊያ) አዳምጡ፤ ቁልፉ ሲከፈት «ጠቅ» ማለት አለበት። ካላለ ወደ እርሱ የሚመጣውን ቮልት ለኩ።

ጥያቄ (ሜክሲኮ፣ የማተሚያ ቤት)፦ 50 ኬቪኤ የተጻፈበት ጄኔሬተር ገዝተን ከ35 ኪሎዋት በላይ ስንጭንበት ጥቁር ጭስ እያወጣ ድምፁ ይወርዳል። የተሸጠልን ያረጀ ዕቃ ይሆን?

መልስ፦ ምናልባት ዕቃው ደህና ሆኖ ስሌቱ የተሳሳተ ይሆናል። ኬቪኤ ኪሎዋት አይደለም፤ ወደ ኪሎዋት የሚለወጠው በተለመደው የ0.8 ፓወር ፋክተር ተባዝቶ ስለሆነ 50 ኬቪኤ 40 ኪሎዋት ነው። ያ ቁጥር ግን የተጻፈው ከባሕር ጠለል ብዙም ላልራቀ ቦታ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ሞተሩ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ያንኑ ያህል ይቀንሳል። ተርቦ (አየር እየገፋ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከአቅሙ ወደ 1 በመቶ ያጣል ብሎ ማስላት የተለመደ ነው፤ አምራቹ ከተወሰነ ከፍታ በኋላ መቁጠር ቢጀምርም እንኳ 40 ኪሎዋት የተባለው ወደ 32 ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ 35 ስትጭኑ ሞተሩ ካለው አየር በላይ ናፍጣ እየተቀበለ ነው፤ ጥቁሩ ጭስ ያልተቃጠለ ካርቦን ነው። የራሱን ሞተር የከፍታ ሠንጠረዥ ከመመሪያው አውጡና ጭነቱን በእርሱ ልክ አድርጉ።

ያ ሁሉ ሆኖ ከ25 ኪሎዋት በታችም ጥቁር ካጨሰ የአየር ፊልትሮውን ቀይሩ፤ ከዚያም ናፍጣ የሚረጩትን ኖዝሎች አስፈትሹ። ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ የሚቃጠለው ዘይት ነው። ነጭ ሆኖ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋና የራዲያተሩ ውኃ እየጎደለ ከሄደ ደግሞ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በአካሉ መካከል ያለው ማሸጊያ) ያሳስባል።

ጥያቄ (ስታዲየም አካባቢ፣ ባንክ የተከራየበት ሕንፃ)፦ ውኃው ገና 95 ዲግሪ ሳይደርስ እየፈላ ይፈስሳል። ቴርሞስታት አውጥተን ጣልነው፣ አልተሻለም።

መልስ፦ እባካችሁ ቴርሞስታቱን መልሱ። ያለ እርሱ ሞተሩ በተገቢው ሙቀት ላይ ሳይደርስ ስለሚሠራ ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም፣ ዘይቱም ይበላሻል። በዚህ ከፍታ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ነው። ሞተራችሁ በ95 ሳይፈላ እንዲቆይ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ብቻ ነው፤ የክዳኑ ላስቲክ ከደረቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ውኃው በ92 ይፈላና ይወጣል። በቆላ አገር ደካማ ክዳን ይዞ የሚዘልቅ ሞተር እዚህ አይዘልቅም። ስለዚህ መጀመሪያ በላዩ የተጻፈውን ግፊት የሚይዝ አዲስ ክዳን ግዙ፤ ከዚያ የቺንጋውን ውጥረትና በራዲያተሩ ክንፎች መካከል የተጠቀጠቀውን አቧራ ተመልከቱ። ትኩስ ራዲያተር ግን በምንም ምክንያት አይከፈት።

ጥያቄ (ወጣት ቴክኒሻን)፦ ጋሼ፣ ጄኔሬተሩ ተነሥቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ «ዝቅተኛ የዘይት ግፊት» ብሎ ይቆማል። የሴንሰሩን ሽቦ ነቅዬ ላሠራው?

መልስ፦ አይሆንም፣ ወንድሜ። ምልክቱ እውነት ከሆነ ኩሽኔታዎቹን (የሞተሩን ዘንግ የተሸከሙትን) በደቂቃዎች ውስጥ ታቃጥላለህ። የዘይቱን ልክ በመለኪያው ዘንግ ተመልከት፤ ልኩ ደህና ከሆነ ሴንሰሩን ፈትተህ በቦታው በዓይን የሚነበብ የግፊት መለኪያ ግጠም። መለኪያው ደህና ግፊት ካሳየህ ብቻ ሴንሰሩን ቀይር።

ጥያቄ (ካዛንቺስ፣ ሌላ ሕንፃ)፦ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) መጋጠሚያ ጥቁር ዘይት መሰል ፈሳሽ ይንጠባጠባል። ሞተሩ ይከፈት ተባልን።

መልስ፦ ስንት እንደምትጭኑበት ሳልጠይቅ ይከፈት አልልም። ትልቅ ጄኔሬተር ለጥቂት አምፖልና ለጥበቃ ቤት ሲሠራ ውሎ ካደረ፣ ማለትም ከአቅሙ 30 በመቶ በታች ለረዥም ጊዜ ከተሠራበት፣ በቂ ስለማይሞቅ ያልተቃጠለ ናፍጣና ጥላሸት በጭስ መውጫው ይጠራቀማል። በየሳምንቱ ያለ ጭነት ለአምስት ደቂቃ ማስነሣትም እንዲሁ ይጎዳዋል። በወር አንድ ጊዜ በእውነተኛ ጭነት ግማሽ ሰዓት ያህል አሠሩት። ፈሳሹ በጥቂት ሰዓታት ጥሩ ጭነት ካቆመ ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ካላቆመ ያን ጊዜ ስለ መክፈት እንነጋገራለን።

ጥያቄ (መርካቶ፣ ሱቅ)፦ ቦታ ስለሌለን ትንሹን ጄኔሬተር ከደረጃው ሥር አስቀምጠን በሩን ለአየር ገርበብ አድርገን እናሠራዋለን። አንዳንድ ቀን ሠራተኞቹ ራስ ምታት አለን ይላሉ። ጭሱን የሚቀንስ ፊልትሮ ይገኛል?

መልስ፦ ዛሬውኑ አጥፉት። ያ ራስ ምታት ሽታም ቀለምም የሌለው የካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ሰውን በእንቅልፉ የሚገድለው ይኸው ጋዝ ነው። የናፍጣ ሞተር ከቤንዚኑ ያነሰ ቢያወጣም በተዘጋ ቦታ ውስጥ ያነሰውም ይገድላል። ገርበብ ያለ በር አየር አይባልም፣ ይህን የሚያስቀር ፊልትሮም በሱቅ አይሸጥም። ሠራተኞቹን ወደ ውጭ አውጡ፤ ማዞር ወይም ማስመለስ የጀመረው ካለ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ጄኔሬተሩ ከቤት ውጭ፣ ከበርና ከመስኮት ርቆ መቀመጥ አለበት፤ በቋሚነት ክፍል ውስጥ የሚሆን ከሆነም ጭሱ በማያፈስ የብረት ቧንቧ ከጣሪያ በላይ ወጥቶ፣ ክፍሉም የራሱ የአየር መግቢያና መውጫ ሊኖረው ይገባል። ያ እስኪሠራ ድረስ በሻማ ሽጡ።